ወደ አባት የማይሰነዘር ቡጢ

ከሕያዋን ለመደበቅ ወደ ሙታን የሚሄድ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? አባባ ሴይቶኩ ግን ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በናሃ ከተማ፣ በጹቦያ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር፣ ቤት እንዲጠብቅ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የሸክላ አንበሳ እየሠሩ የሚኖሩ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ከአምስት ወር ወዲህ በየማለዳው ወደ ኮረብታው ይወጡና በቤተሰባቸው መቃብር ፊት ባለችው ጠባብ የድንጋይ ግቢ ብቻቸውን ካራቴ ይለማመዳሉ። ነጩን ቀበቶ በቢጫ የሚያስለውጠው የመጀመሪያው ፈተና የፊታችን እሑድ ነበር። አባባ እንደማይፈተኑ ለራሳቸው ምለዋል። ቢምሉም ግን፣ እሑድ የሚለውን ቃል በሰሙ ቁጥር ልባቸው እንደ ልጅ ልብ ይዘል ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ጡጫቸውን ጨብጠው ሲዞሩ፣ ከጎረቤት መቃብር ግንብ በላይ አንዲት ማጭድ የያዘች ወጣት ብቅ አለች። ቤተሰብ በአያቶቹ መቃብር ተሰብስቦ የሚበላበት ዓመታዊ የመቃብር ድግስ ስለ ደረሰ የቤተሰቧን ግቢ ሣር ልታጭድ የመጣችው ማሂሮ ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስትሆን፣ ማታ ማታ አባባ በሚማሩበት የካራቴ ቤት ጀማሪዎችን ትረዳለች፤ ቡናማ ቀበቶም ታጥቃለች።

«እንዴት አደሩ አባባ!»

የአባባ ቡጢ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ሣር ልነቅል መጥቼ ነው።»

«በቡጢ?»

አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ማሂሮ ግንቡን ዘላ ገባችና አጠገባቸው ቆመች።

«አባባ፣ ስምዎ ከእሑድ ተፈታኞች ዝርዝር ውስጥ የለም። አስተማሪያችን መምህር ኢሬይ ‹ረስተው ይሆናል› ብሎኛል።»

«አልረሳሁም። መማሩን እማራለሁ፤ መፈተኑን ለልጆች ትቻለሁ። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ተብዬ የሰፈር መሳቂያ ልሁን?»

«ማን ይስቃል?»

«ጹቦያ በሙሉ! ሰልፉ በዕድሜ ሳይሆን ቀድሞ በመግባት መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ከኔ በላይ የምትቆመው ማን ናት? ሂና! ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ እንኳ ገና አልበቀለም። ቀድማኝ ስለ ገባች ታላቄ ናት ተብሎ እጅ እነሣታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሰው ፊት ‹አባባ፣ ግራ እግርዎ ያ አይደለም› አለችኝ።»

«እውነቷን ነበር?»

«እውነቷን መሆኑ አይደል እኔን ያበገነኝ!»

ማሂሮ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሽማግሌ ሲቆጣ ከሥር የሚጠዘጥዘው ሌላ ነገር መኖሩን በትምህርት ቤት ባይሆን በቤቷ ተምራለች። ስለዚህ በድንጋዩ መሀል የበቀለውን ሣር ማጨድ ጀመረች፤ አባባም ወደ መቃብሩ እየተመለከቱ ቀጠሉ።

«አባቴ ካራቴ ያውቅ ነበር። ጥበብ አይታይም፣ አይመዘንም ይል ነበር። ለታላቅ ወንድሜ ብቻ በር ዘግቶ ያስተምረዋል። እኔ ሦስተኛ ልጅ ነኝና በበሩ ስንጥቅ አሾልቅ ነበር። እንግዲህ እሱ የደበቀውን እኔ በፈተና አደባባይ ላወጣው ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ ወንድምዎስ ለማን አስተማሩ?»

«ለማንም። ኦሳካ ፋብሪካ ገብቶ እዚያው ሞተ። ልጅም አልነበረው።»

«ታዲያ የአባትዎ ጥበብ አሁን የት ነው ያለው?»

አባባ ቀና ብለው የመቃብሩን ድንጋይ አዩ። መልሱ ከፊት ለፊታቸው፣ ከድንጋዩ ጀርባ ነበርና። እንግዲህ ደብቆ መጠበቅና ቀብሮ መተው ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያን ጊዜ ታያቸው።

«እስቲ ካታውን አንዴ ይሥሩልኝ» አለች ማሂሮ። ካታ የሚባለው ተራውን ጠብቆ የሚሄድ የመከላከልና የመምታት ስልት ነው። ጀማሪ የሚፈተነውም በዚያ ነው።

አባባ መቃብሩን እጅ ነሥተው ጀመሩ። ወደ ግራ መከቱ፣ መቱ፤ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ መቱ። አርባ ዓመት የሸክላ መንኮራኩር በእግራቸው ስለ ገፉ ወገባቸው እንደ ጉቶ የተተከለ ነው። ቀጥሎ ግን ወደ ፊት እየተራመዱ ሦስት ቡጢ መሰንዘር፣ በሦስተኛውም መጮኽ ሲገባቸው፣ እርምጃቸው አጠረ፤ ቡጢያቸው ሟሸሸ፤ ጩኸቱም ጨርሶ አልወጣም።

«ቆይ! ቆይ አባባ! እዚህ ጋ ምን ሆኑ? መምህር ኢሬይ ሁልጊዜ ‹ወደ ፊት ሲሄዱ ይለሰልሳሉ› ይላል። እኛ እኮ ጉልበትዎን የሚያምዎ መስሎን ነበር።»

«ጉልበቴ ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ፊት ለፊቴ ማን እንዳለ አይታይሽም? አባቴ፣ እናቴ፣ አያቶቼ! በቡጢ ልነርታቸው ነው? በጩኸት ላባንናቸው ነው?»

ማሂሮ ማጭዷን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባባ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ ግን እሳቸውንም ከንፈራቸው ከዳቸው።

«አምስት ወር ሙሉ አባባ! አምስት ወር ሙሉ ስህተት ሲያጠኑ ከረሙ። ከነዚህ ከተኙት አንዱ እንኳ ነገረዎ?»

«ምን ብለው ይነግሩኛል?»

«ለዚህ ነው እኮ የምከራከርዎ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዛሬ እኔ ባላይዎ ኖሮ ይኸንኑ ቡጢ ይዘው እዚሁ መቃብር ይገቡ ነበር። ፈተና ማለት ሰው ሊሳለቅብዎ የሚሰበሰብበት አይደለም፤ ራስዎ የማያዩትን የሚያይልዎ ሰው ፊት መቆም ነው። የጭቃ አንበሳዎን በእሳት ሳያቃጥሉ ይሸጣሉ?»

«ያበድኩ መሰለሽ? ዝናብ ሲነካው ይፈርሳላ።»

«እሳት ውስጥ የሚሰነጠቅ የለም?»

«ሞልቶ!»

«ሲሰነጠቅ ምን ያደርጋሉ?»

«ጭቃው ምን እንደ ጎደለው አያለሁ፤ አሸዋ በዝቶበት እንደሆነ፣ ሳይደርቅ አስገብቼው እንደሆነ።»

«ሥራውንስ ይተዉታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! አንበሳው ቢሰነጠቅ እኔ...» አሉና አባባ ግንባራቸውን መቱ። ራሳቸው በሠሩት ወጥመድ መግባታቸውን ያወቁት ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ ነበር። «አንደበት ያለሽ ልጅ ነሽ። ተማሪዎችሽ አሳዘኑኝ።»

«እንግዲያው አሁን ወደ ፊት ይምቱ።»

«ወደ አባቴ?»

«በር ዘግተውብዎ አልነበር? ያንኳኩ።»

አባባ ሴይቶኩ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ሞቀ። ስልሳ ዓመት ውስጣቸው ተቀምጦ የነበረ ቅሬታ ነበርና ዓይናቸው እርጥብ አለ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በሙሉ እርምጃ ሄዱ፤ የመጨረሻው ቡጢ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሰማይ አልተደፋም። አባባ ሳቁ።

«ጩኸቱስ?» አለች ማሂሮ።

«እሱን ለእሑድ አቆየዋለሁ። ስሜን አስመዝግቢ!»

እሑድ የካራቴው ቤት በሰው ጢም ብሎ ነበር። አባባ በሰልፉ ጭራ ቆመዋል፤ ከበላያቸው ሂና አለች። ዞር ብላ አየቻቸውና «አባባ፣ ቀበቶዎ ተጠማዟል» ብላ በትንንሽ ጣቶቿ አስተካከለችላቸው። አባባ ከልባቸው እጅ ነሧት። ልባቸው እንደ ከበሮ ይመታል፤ የሠርጋቸው ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆኑም።

ስማቸው ተጠራ። ፈታኙ መምህር ኢሬይ በልጅነቱ ከሱቃቸው ጭቃ እየሰረቀ ሲሮጥ በጆሮው ይዘውት ያውቃሉ፤ ዛሬ ግን በፊቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ግራ፣ ቀኝ፤ ከዚያ ወደ ፊት! አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ከእምብርታቸው ሥር አንድ ጩኸት ተነሣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሂና ጆሮዋን ያዘች፤ ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ወደቀ። እሳቸውም እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አያውቁም ነበር።

መምህር ኢሬይ ቢጫውን ቀበቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

«አልፈዋል አባባ። አንድ ነገር ብቻ፤ የኋላ ተረከዝዎ ይነሣል።»

«ሌላስ?» አሉ አባባ።

«ሌላ... ትከሻዎን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ።»

«ሌላስ? አትዘንልኝ እንጂ! ማሂሮ፣ ጻፊልኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ግን አባባ ነበሩ። ጥያቄያቸውን ሲያቆሙ የማሂሮ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ስህተት ተጽፎ ነበር።

ሰኞ ቢጫው ቀበቶ ቁም ሣጥን ገባ። ወረቀቱ ግን ከሱቃቸው መስኮት ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተለጠፈ። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ጎረቤታቸው እትዬ ቹሩኮ ባልዲዋን አስቀምጣ አነበበችው።

«አባባ፣ በጤናዎ ነው? ሰው ነውሩን ይሸፍናል እንጂ ይሰቅላል?»

«ስሚኝ ቹሩኮ» አሉ አባባ፣ ጭቃ የነካው እጃቸውን እየጠረጉ። «አምስት ወር ተደብቄ አንድ ስህተት አሳደግሁ፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ብቆም ዘጠኙን አወቅኋቸው። አሁን ተረከዜን የሚያይልኝ መንገደኛ አለኝ፤ ትከሻዬን የምትቆጣ የሰባት ዓመት ታላቅ አለችኝ። እንቅልፌ ተስተካክሏል፤ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። አባቴ ጥበቡን ለአንድ ሰው ሰጥቶ አጣው። እኔ የምማረውን ሁሉ ሰው እያየኝ እማራለሁ፤ ከሞትኩ በኋላም ከሚያውቁት ዘንድ ይገኛል። ያፈርሁበትን ጊዜ ሳስበው ነው የማፍረው።»

እትዬ ቹሩኮ ወደ ወረቀቱ ተጠግታ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ዘጠነኛ፤ ካታውን ሲጨርሱ እጅ ሳይነሡ ፈገግ ይላሉ... ይሄም ስህተት ነው?»

«ስህተት ነው» አሉ አባባ። «እሱን ለማረም ግን አልቸኩልም።»