ያለ ጀሪካን

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አቀስታ የምሄድበት መኪና አጥቼ፣ መንገድ ላይ አላጣም ብዬ ከመካነ ሰላም በእግሬ ወጣሁ። ከከተማው ዳር አንዲት አሮጌ ፒካፕ ኮፈኗ ተከፍቶ እንፋሎቷ እየተነነ ቆማለች። ባለቤቷ ጋሽ አራጌ በዓይን የምንተዋወቅ፣ ለገጠር ሱቆች ጨውና ሳሙና የሚያመላልሱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ደግሞ የመኪና ጥገና መምህር ነኝ፤ የተከፈተ ኮፈን አይቼ ሳልናገር አላልፍም። አመሌ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝና የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱት። እየፈላ ከተከፈተ ፊትዎን ያቃጥልዎታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። ግን ይህች መኪና ከኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሲጠማት አጠጣታለሁ፤ ሌላ ችግር የለባትም። ይኸው የሙቀቱ መርፌም ወርዷል፤ በርዳለች።»

«መርፌው የሚለካው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው አልቆ የሚለካው ስላጣ ነው የወረደው። ሞተሩ አሁን እሳት ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል።»

እጃቸውን ከክዳኑ መለሱ። እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሳልጠይቃቸው ስለ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ባለቤታቸው የትምወርቅ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ አልፎ አልፎ ይደውላሉ።

ሞተሩ ሲበርድ ውሃ የሚያስተላልፈውን የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በጣቴ ተጫንኩት። ጫፉ አብጦ ለስልሷል፤ ጎበጥ ሳደርገው ስንጥቁ ታየ። ውሃ እየደረቀበት ዙሪያው ነጭ ሆኗል። ሰባት ዙር የተጠመጠመበት ጨርቅ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄዷል።

«በሽታዋ ይኸው ነው፣ ጋሼ። ደህና ጎማ ሲጫኑት ጠንከር ብሎ ይመለሳል እንጂ እንዲህ አይሟሽሽም። ጨርቅ አንድ ቀን ቤት ያደርስ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም።»

«አብሽር፣ መምህር። ውሃ የምቀዳባቸው ሦስት ቤቶች አሉኝ። እየቆምኩ እሞላለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ የለም።»

«ይህ እኮ ስንፍና ነው» አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

መፍቻ ፍለጋ እጄን ከወንበሩ ሥር ስሰድ አዲስ የራዲያተር ጎማ ከነላስቲኩ አገኘሁ። ሁለት አዳዲስ ማሰሪያዎችም አብረውት አሉ። አቧራ ለብሰዋል።

«ጋሼ፣ ይህ የዚህችው መኪና ጎማ ነው። ከገዙት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን ሳይቀይሩት?»

ጎማውን ከእጄ ተቀብለው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ከሰው የምታገናኘኝ የትምወርቅ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ማን ይጠራኛል? ሰው ቤት ያለ ጉዳይ እንዴት ይገባል? ጀሪካን ይዤ ስቆም ግን የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ዙሀራ ትወጣለች፤ እንዴት ከረምክ ትለኛለች። ይህ ጎማ ከተቀየረ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አቀስታ የምወርደው ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። የኪራይ ቤቴ ዝምታ አላስቀምጥ ይለኛል፤ ገበያው መሃል ተዟዙሬ እመለሳለሁ።

«ጋሼ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «በዚህ ስንጥቅ ጎማው ሳምንት አይቆይም። ሞተሩ ነክሶ አልዞርም ካለ መኪናዋም እርስዎም ግቢ መቅረታችሁ ነው። ያኔ ሦስቱም ቤት ይቀርብዎታል። ደግሞስ ዙሀራ የሚወጡት ለጀሪካኑ ብለው መሰለዎት?»

«እንጃ። ጠይቄያት አላውቅም።»

ጃኬታቸውን አወለቁ። «በል፣ እንፍታው።»

አሮጌውን ፈታን፤ የተጋገረውን ዝገት ጠርገን አዲሱን አስገባን። ማሰሪያዎቹን፣ ጎማውን እንዳይቆርጡት እየተጠነቀቅን፣ አጠበቅን። ውሃ ሞልተን ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን፤ መገጣጠሚያው በእጄ ስዳብሰው ደረቅ ነበር።

እሳቸውም ወደ አቀስታ ነበሩና አሳፈሩኝ። ዙሀራ ቤት ስንደርስ ጋሽ አራጌ የነዳጁን ፔዳል ለቀቅ አደረጉ፤ ግን ሳይቆሙ አለፉ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆሙና ወደ ኋላ መለሷት። ሲወርዱ እጃቸው ለምዶበት ጀሪካኑን አነሳ። አይተውት መልሰው አስቀመጡት።

ዙሀራ የውሃ ጆግ ይዘው ወጡ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «ያለፍከኝ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ፣ ወንድም ዓለም።»

«መኪናዋ ተሠርታለች፣ ዙሀራ። ውሃ አልፈልግም። እንዲያው... እንዴት ከረምሽ ልልሽ ነው።»

ጆጉን መሬት አስቀመጡት። «አልሐምዱሊላህ። እኔኮ ይህች መኪና የተሠራች ዕለት መምጣትህ ይቀርብኛል እያልኩ ስሰጋ ነው የኖርኩት። ግባ። እንግዳህንም ይዘህ ግባ።»

ከዚያ ወዲህ ፒካፗ አንድም ቀን አልፈላችም። ጋሽ አራጌ ሁልጊዜ ጠዋት ሞተር ሳያስነሱ ውሃውን ያያሉ፣ የራዲያተሩን ጎማዎች በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ፣ ማሰሪያዎቹን ይፈትሻሉ፤ ላገኙት ሾፌር ሁሉም ያስተምራሉ። እኔ ጨውና ሳሙናው በሰዓቱ ይደርሳል ብዬ ነበር። አይደርስም። ሦስቱም ቤት ገብተን ቁጭ ስለምንል ከድሮው ይልቅ እንዘገያለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ከጎናቸው ነኝ፤ አቀስታ ምን ጉዳይ እንዳለኝ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።