ለሞተር የነፈግሁት ጋቢ

ልጄን ክርስትና አስነስቼ ወደ ሰቆጣ ስመለስ፣ ምጥ የጠናባትን ጎረቤቴን ሐኪም ቤት የምታደርስ ላንድሮቨር ከሞላው ወንዝ ዳር ቆማ አገኘሁ። ሾፌሩ ቬንትሌተሩ እየዞረ ሞተሩ ላይ ውሃ እንዳይረጭ ቺንጊያውን ፈትቶ፣ «እህቴ፣ ጋቢሽን አውሺኝ። የመኪናዋን ፊት ካልሸፈንሁላት ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይገባል» አለኝ። ወንዙ ዳር ከቆመው ሰው ሁሉ ጋቢ የያዝሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። እናቴ ለክርስትናው ብላ የፈተለችው፣ ገና ያልታጠበ አዲስ ነው። «መኪናም ይበርዳታል እንዴ?» አልሁት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። እሱ ሳይስቅ መኪናዋን ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ።

መሀል ላይ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ወንዶቹ ጎረቤቴን በትከሻቸው አሻግረው፣ ዳገቱን በቃሬዛ አወጧት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ልጠይቃት ስሄድ የኔን ልጅ ተቀብላ አቀፈችውና፣ «ያቺ መኪና ምን ነክቷት ቆመች?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኋት።