የደቦው እንክብል

ሽማግሌው አሞአኮ ጠዋት ወደ ካካዎ እርሻቸው ሲወጡ መንገድ ላይ ከእህታቸው ልጅ ከፖኩዋ ጋር ተገናኙ። ፖኩዋ ኩማሲ ከተማ የመድኃኒት ትምህርቷን ጨርሳ መምጣቷ ነው። እሳቸው እንክብል ወደ አፋቸው ሲሰዱ ደረሰችባቸው።

«ዎፋ፣ እንደምን አደሩ? በባዶ ሆድዎ ምን እየዋጡ ነው?» አለች፤ የእናት ወንድም በአገራቸው «ዎፋ» ይባላል።

«ኢንዶሜታሲን ነዋ፣ የሕመም ማስታገሻው! እህል ከቀደመውማ ኃይሉ ይሰበራል። ለደቦውም የማድለው እኔ ነኝ፤ ሳይውጥ ገጀራ የሚያነሳ የለም።»

የመንደሩ ልማድ እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ሳይመጣ መድኃኒቱ ይዋጣል። ነገ ደግሞ የደቦው ተራ የአሞአኮ ነው። ሰው ከቀረባቸው የዓመት ልፋታቸው ዛፍ ላይ ይበሰብሳል።

«ደግሞ ፍቱንነቱ!» አሉ በኩራት። «ሰሞኑን ከሆዴ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር እየወጣ ነው። አጥንቴ ውስጥ የተኛውን ቆሻሻ ጠራርጎ እያወጣልኝ ነው።»

ፖኩዋ ደነገጠች። «ዎፋ፣ እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ደምዎ ነው! ጨጓራዎ እየደማ ነው።»

«ደም ቀይ ነው፣ አንቺ ልጅ! ትምህርት ቤት ይህንንም አላስተማሩሽ?»

«ቁስል ላይ የደረቀ ደምስ ቀይ ነው? ሆድ ውስጥ የቆየም ይጠቁራል።»

አሞአኮ በቀደም ዛፍ ሥር ዐይናቸው ጨልሞባቸው መቀመጣቸው ትዝ አላቸው። ፈሩ፤ ፍርሃታቸውን ግን በቁጣ ሸፈኑት።

«መርዝ ነው በይኛ! ሪህ ሲጥለኝ ሐኪሙ የሰጠኝን?»

«መርዝስ አይደለም፤ ያን ጊዜ ረድቶዎታል። ሪህ ሲነሳ ሐኪም እያየው፣ ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀን ነው የሚዋጠው። በየቀኑ ከሆነ፣ ያውም በእርስዎ ዕድሜ፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ዶማ ደግ ነገር ነው፤ ጥርስ ግን አይፋቅበትም።»

«ያለ እንክብል ማን ይመጣልኛል?»

«ጎረቤትዎ ኦፎሪ ባለፈው ሆዱን ይዞ ከደቦው የቀረው በምን ይመስልዎታል?»

ኦፎሪን በሰው ፊት «ሰነፍ» ብለው ያዋረዱት አሞአኮ ራሳቸው ነበሩ። አፈሩ። የእንክብሉን ከረጢት ለፖኩዋ ሰጥተው፣ እርሻውን ትተው፣ አብረዋት ጤና ጣቢያ ወረዱ። ሐኪሙም ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ለሞት የሚያደርስ መድማት እንደነበር ነገራቸውና አስተኛቸው።

በማግስቱ ደቦው ያለ እንክብል ወጣ። የፖኩዋ እናት ለሁሉም የበቆሎ ገንፎ አቀረቡ፤ ወገቡን ያመመው ሲያርፍ ሌላው ይተካው ነበር። ሥራው ከወትሮው ቢዘገይም የበሰበሰ ፍሬ አልነበረም፤ ማታ ሆዱን ይዞ ያደረም አልተገኘም። መድኃኒት ለሕመም እንጂ ለሥራ ስንቅ እንዳልሆነ መንደሩ ያን ጊዜ ተረዳ።

አሞአኮ ከጥቂት ቀን በኋላ ድነው ሲመለሱ ደቦው የካካዎውን ፍሬ እየፈለጠ ነበር። ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ኦፎሪን ጠሩና «ልጄ፣ ሰነፍ አልኩህ እንጂ ያሳመምኩህስ እኔው ነኝ። ይቅር በለኝ» አሉት።

ኦፎሪ ገጀራውን አስቀምጦ ወደ ጥላው ቀረበ።

«ይቅር ብያለሁ፣ አባባ። ግን ዛሬ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰነፍ ማን ነው?»

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ሽማግሌው ነበሩ።