የጥንቸሏ ጓደኛ

ተረት እንዳይመስላችሁ። የቶየን ሰፈር ጎረቤቴ አደይ ለተ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላትን ነጭ ጥንቸል ይዘው ኦስሎ ውስጥ ለቤት እንስሳት ውድድር ሲቀርቡ፣ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርሁ። በጎጆዋ ድርቆሽ አነጠፍን፤ ውኃዋን ሞላን። ተቆጣጣሪዋ ግን አጎንብሳ ካየች በኋላ፣ «ኔይ፣ አይሆንም፤ ጥንቸል ብቻዋን አትቀመጥም፤ ብቸኝነት ይጎዳታል። ጓደኛ ከሌላት ከውድድሩ ትወጣለች» አለች።

የአደይ ለተ ፊት ዳመነ። «እኔ ይህን ያህል ዘመን ብቻዬን ስኖር ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ መቼ ጠየቀኝ? ንገራት እስኪ።» ይህን መተርጎም ቢከብደኝ፣ «ጓደኛዋ እኔ ነኝ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። ተቆጣጣሪዋ ፈገግ እንኳ ሳትል ስሜን ከጥንቸሏ ስም ግርጌ መዘገበችና ከጎጆው አጠገብ በርጩማ አኖረችልኝ። የሥነ ጽሑፍ ምሩቁ እኔ፣ ድርቆሽ እየሸተተኝ፣ በመናኝ ትዕግሥት ተቀምጬ ዋልሁ። በመጨረሻ ዳኛው የሦስተኛነት ወረቀት ሰጠን፤ ከሥሩ፣ «ጥንቸሏ የተረጋጋች ናት፤ ጓደኛዋ ግን ይቁነጠነጣል» የሚል አስተያየት ሰፍሮበታል። ስተረጉምላቸው አደይ ለተ ከእግር እስከ ራሴ በሐዘኔታ አዩኝ። «እውነቱን ነው፣ ልጄ» አሉ፤ «ላንተም ሚስት እንፈልግልህ።»