የጓሮው ቦሎቄ

(በእህል ምርመራ ላቦራቶሪ መቀበያ መስኮት። የገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበሩ አቶ ወንድይፍራው ቦሎቄ በፌስታል ይዘው ከውጭ፤ መርማሪዋ ፍሬገነት፣ የሰፈራቸው ልጅ፣ ከውስጥ።)

ወንድይፍራው፦ ያን ቀድሜ ያመጣሁልሽን ጣይውና ይሄን መርምሪልኝ አልኩሽ እኮ!

ፍሬገነት፦ ጋሼ፣ ናሙና እንደ ሸሚዝ አይቀየርም። ደግሞ ውጤቱ ወጥቷል።

ወንድይፍራው፦ ወጣ? ምን አለ?

ፍሬገነት፦ እልል ይበሉ! የፀረ አረም ቅሪት የሚባል አልተገኘበትም። ትምህርት ቤቱ የማኅበሩን ቦሎቄ በሙሉ ለተማሪዎች ምሳ ይገዛል።

ወንድይፍራው፦ ወረቀቱን ላክሽላቸው?

ፍሬገነት፦ ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው። ምነው፣ ላብ አጠመቀዎት?

ወንድይፍራው፦ አትፈርሚ።

ፍሬገነት፦ ሰው ወደቅኩ ብሎ ይለምነኛል፤ እርስዎ አለፍኩ ብለው?

ወንድይፍራው፦ ያ ቦሎቄ የጓሮዬ ነው።

ፍሬገነት፦ የጓሮ ማለት?

ወንድይፍራው፦ ለቤታችን የምንዘራት አለች፤ በእጅ የምትታረም። ኬሚካል አይነካትም። ሁሉም ቤት አለች። ለገበያ የሚወጣው ሌላ ነው።

ፍሬገነት፦ እሱስ?

ወንድይፍራው፦ ዘንድሮ ዝናቡ አልቆም ሲል፣ ቶሎ ይድረቅልን ብለን ሊታጨድ ሳምንት ሲቀረው ፀረ አረም ረጨንበት። እንደማይፈቀድ እያወቅን። ማን መከረ በይኝ።

ፍሬገነት፦ ማን መከረ?

ወንድይፍራው፦ እኔ።

ፍሬገነት፦ ታዲያ አሁን ምን አናገረዎት? ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ወንድይፍራው፦ ዝም ባይነቅዝ እኔ ነቀዝኩ! ትናንት ለባለቤቴ፣ ትምህርት ቤቱ ሊገዛን ነው ብዬ ላበስራት፣ «እንግዲያ የልጅ ልጃችንን ምሳ ከቤት እቋጥርላታለሁ» አለችኝ። የሰውን ልጆች አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ሌሊቱን ሙሉ አፍሬ አደርኩ፣ ልጄ።

ፍሬገነት፦ እኔስ? ናሙና ከየጆንያው የምንወስደው እኛው ነን፤ ደንቡ ነው። እርስዎ ይዘው ሲመጡ ግን ጋሼን እንዴት አላምንም እላለሁ ብዬ ተቀበልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ለጥቂት ስሜን አስፍሬበት ነበር።

ወንድይፍራው፦ ያንቺን ጥፋት ለእኔ ተይው።

ፍሬገነት፦ አልተውም፤ የራሴ ነው። ግን ይሄ የገበያው ከወደቀ አባላቱ ምን ይሉዎታል?

ወንድይፍራው፦ ያሉኝን ይበሉኝ። ሊቀመንበርነቱንም ይውሰዱት።

ፍሬገነት፦ እሺ፣ ፌስታሉን ያቀብሉኝ።

ወንድይፍራው፦ የለም። መጋዘን ድረስ መጥተሽ ከየጆንያው ራስሽ ውሰጂ፤ ከእንግዲህ ከእኔ እጅ አትቀበዪ።