ለበሽተኛዋ ማን ይንገራት?

የዚያን ዕለት ጠዋት ከአያቴ ጋር ጀልባ ስንጠብቅ ዶክተር ታንግ ሩዪን ባናገኛት ኖሮ፣ እትዬ ኩዪላን ዛሬ በሕይወት አይኖሩም ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ማጋነን ብፈልግማ ከዚህ የተሻለ እችልበታለሁ።

አያቴ ሐኪም ፌንግ የእጅ ትርታ ዳስሰው በሽታ የሚለዩ የባህል ሐኪም ናቸው። እኔ ትምህርቴን ትቼ ሥር እወቅጥላቸዋለሁ። ዶክተር ታንግ የወረዳው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነች። ከጀልባ እንደወረደች ሰላምም ሳትለን፣

«አባባ ፌንግ፣ እትዬ ኩዪላን የት ጠፉ? አልጋ አዘጋጅቼ ብጠብቅ አልመጡም!» አለች።

እትዬ ኩዪላን የአኩሪ አተር አይብ እየሠሩ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። አያቴ ወዲያ ወዲህ አዩ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል። ልጇ ደቻንግ እንዳይነገራት ለምኖኛል። ‹ጨጓራሽን ብርድ መቶሽ ነው› ብዬ ለስለስ ያለ መድኃኒት ሰጥቻታለሁ።»

«ብርድ የመታው ሰው ለምን ብሎ ሆዱን ለቢላ ይሰጣል? እኔም ለልጃቸው ብቻ መንገሬ ጥፋት ነበር። ዕጢው ገና ትንሽ ነው፤ አሁን ከወጣ ይድናሉ። ከተሰራጨ ግን የእኔም ቢላ የእርስዎም ሥር አይደርስላቸውም!»

«አንቺ ቢላሽን ታውቂያለሽ፣ እኔ ሰው አውቃለሁ። ሐኪም ለበሽተኛ ወላጅ ነው። ወላጅ ልጁን ያስፈራራል? በሽታው የእሷ፣ ፍርሃቱ የቤተሰቡ፤ አባቴ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።»

«አባትዎ ልክ ነበሩ። ያኔ መዳኛ ስላልነበረ መደበቅ ርኅራኄ ነበር። ዛሬ መዳኛ አለ። ሳይነገራቸው እንዴት ይወስኑ? ሆዱ የማን ነው?»

«የልጇም ነው፤ ዘጠኝ ወር ኖሮበታል!» አሉ አያቴ።

ጀልባው ጥሩምባ ነፋ። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ዝም በይ ተብያለሁ፤ ግን አልሆነልኝም።

«አያቴ፣ እትዬ ኩዪላን እኮ መታመማቸውን ያውቃሉ።»

«ማን ነገራት? አንቺ ለፍላፊ!»

«እርስዎ ነዎታ! ጉንፋን ለያዘው እንኳ ‹በርበሬ አትብላ፣ ዓሣ አትንካ› የሚሉ ሰው፣ ለእሳቸው ምንም ሳይከለክሉ ቀሩ። ደቻንግ በማጆንግ ጨዋታ እያወቀ ይሸነፍላቸዋል። ምራታቸው ብርቱካን ትልጥላቸዋለች፤ እሷ እኮ ለባሏም አትልጥም! ‹የምሞት ባልሆን እንዲህ አይሆኑልኝም› አሉኝ። አሁን ለቀብራቸው የሚሆን ፎቶ ሊነሱ ሄደዋል።»

አያቴ የያዙትን ቅርጫት መሬት ላይ አስቀመጡ። ሴትዮዋን ላለማስፈራት የተደረገው ሁሉ፣ የሚድነውን በሽታ የማይድን አስመስሎ ነግሯቸው ኖሯል። ያን ሁሉ ፍርሃት ብቻቸውን ተሸክመውታል። የመደበቅ ክፋቱ ይኸው ነው፦ በሽተኛው ይጠረጥራል፣ የሚጠይቀው ሰው ግን የለውም።

ጀልባው ያለ እኛ ሄደ።

እትዬ ኩዪላንን ፀጉራቸውን ተቀብተው ከፎቶ ቤት ሲመለሱ በራቸው ላይ አገኘናቸው። ደቻንግ ከኋላቸው ሆኖ «እንዳትናገሩ» እያለ እጁን ያወናጭፍብናል። አያቴ የሴትዮዋን እጅ ያዙ፤ ትርታውን ግን አልዳሰሱም።

«ኩዪላን፣ ዋሽቼሻለሁ። ሆድሽ ውስጥ ዕጢ አለ። ክፉ ነው፤ ግን ገና ትንሽ ስለሆነ ይወጣል።»

«ይወጣል?» እትዬ ኩዪላን ግድግዳውን ተደገፉ። «አንተ ደቻንግ! እኔ መቃብሬን ስመርጥ አንተ ማጆንግ ትሸነፍልኛለህ?» ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ምን ያህላል?»

«አንድ ፍሬ አኩሪ አተር ያህላል፣ እትዬ።»

«አኩሪ አተርማ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈጨው ኖሬያለሁ። መቼ ነው የምተኛው?»

ዕጢው ወጣ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አያቴ ደም የሚያቀጥኑትን ሥሮች አስቆሟቸው፤ ካገገሙ በኋላ ደግሞ ዶክተር ታንግን አማክረው የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መጠጥ አፈሉላቸው። ሁለቱ ሐኪሞች የሰጡትን መድኃኒት ስለማይደባበቁ በሽተኛው በመሃል አይጎዳም። ቤተሰቡም ከመዋሸት አርፎ ማስታመም ይችላል።

ከዚያ ወዲህ አያቴ ትርታ ከመዳሰሳቸው በፊት «ክፉ ነገር ባገኝ ለማን ልንገር?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለሚስቴ» የሚል አለ፣ «ለራሴ» የሚል አለ። ሁለቱንም ያከብራሉ፤ የመረጠው በሽተኛው ነውና።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት አባቷን ይዛ መጣች። አያቴ ገና ጥያቄውን ሲጀምሩ፣ ከሽማግሌው ጀርባ ሆና ደጋግማ ትጠቅሳቸው ጀመር።

«ዓይንሽን ምን ነካው?» አሏት አያቴ። «ለእሱም መድኃኒት አለኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ለእኔ ይንገሩኝ። እሷ አልቃሻ ናት።»

አያቴ ወንበራቸውን ወደ ሽማግሌው አዞሩ።