አባ ታከለ እናታቸውን ለድረ ገጽ አደራ እንደ ሰጡ

ዝናብ ሲያካፋ በዋለ አንድ ሐሙስ፣ በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ወደ ሰፈራችን ወደ አፉላ ኢሊት የሚወጣውን አውቶቡስ ስጠብቅ ጎረቤቴን አባ ታከለን አገኘኋቸው። አባ ታከለ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል የመጡ፣ ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ከአጠገባቸው ሃዳስ ተቀምጣለች። እኔ በልጅነቷ አማርኛ ያስተማርኋት ይህች ወጣት የኮምፒውተር ሙያ ተምራ፣ ወገኖቻችን የድሮ ፎቶግራፋቸውን የሚያኖሩበት ድረ ገጽ ሠርታለች። ስደርስ እየተከራከሩ ነበር።

«መምህር፣ እንኳን መጡ» አሉኝ ሽማግሌው። «ይችን ልጅ ይምከሩልኝ። እናቴን ማህሼቭ ውስጥ ካልከተትሁ ብላለች።» ኮምፒውተሩን በዕብራይስጥ ስሙ መጥራታቸው ነው።

በደረት ኪሳቸው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የእናታቸው የምንይሹ ብቸኛ ፎቶግራፍ አለ። ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሳሉ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ያነሳው ነው። እናታቸው እዚያው አረፉ። ሰሞኑን ዝናብ በላስቲኩ ቀዳዳ ገብቶ የፎቶግራፉን ጠርዝ አበላሽቶታል፤ ሃዳስም ይህን አይታ ነው የያዘቻቸው።

«አባ፣ ፎቶው ከእጅዎ አይወጣም» አለች። «በቴሌፎን አነሳዋለሁ፤ ድረ ገጹ ላይ የምንጭነው ግልባጩን ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ግን የወንድሜ የሙላው ድምፅ ቴሌፎኔ ውስጥ ነበረ። ሊሞት ሰሞን የላከልኝ ነው። ልሰማው ብዬ ስነካ ጣቴ ሳተና ጠፋ። ሱቅ ብወስደው ‹የለም› አሉኝ። አሁን እናቴንም በአንድ ጣት ልጣት?»

እኛ ፊደል ቆጥረናል የምንል ሰዎች፣ ሽማግሌ እምቢ ሲል አላወቀም ማለት ይቀናናል። የአባ ታከለ እምቢታ ግን ከጉዳት የመጣ ነበር። ሃዳስም ይህ ስለ ገባት አልተቆጣችም።

«ያ ጥፋት የእርስዎ አይደለም» አለች። «የሠሩት ሰዎች ጣት እንደሚስት ማሰብ ነበረባቸው። በእኔ ድረ ገጽ ፎቶን ማጥፋት የሚችለው የጫነው ሰው ብቻ ነው። ‹ይጥፋ› ሲልም ‹እርግጠኛ ነዎት?› ተብሎ ይጠየቃል። እሺ ቢል እንኳ ፎቶው ከሰው ዓይን ተነሥቶ አንድ ወር ለብቻው ይቀመጣል። እስከዚያ መመለስ ይቻላል።»

«ከወሩ በኋላስ?»

«ያኔ ፈጽሞ ይጠፋል።»

አባ ታከለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላም ነገር አለ። እናቴ ፎቶው ላይ ረሃብ አድቅቋታል። ልጆቼ ‹ለምን አደባባይ አወጣሃት?› ቢሉኝስ? ብጸጸትስ?»

«እውነተኛ ማጥፋት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ አባ። አንዳንዱ ድረ ገጽ ፎቶውን ከገጹ ላይ ያነሣና ማከማቻው ውስጥ ይተወዋል፤ አድራሻውን የያዘ ሰው ሁሉ ያገኘዋል። እንግዳው ሄዷል ብሎ ጓዳ እንደ መደበቅ ነው። የእኔ ግን ወሩ ሲሞላ መዝገቡንም ፎቶውንም አብሮ ያጠፋል። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ እኛ አደራ ተቀባዮች ነን።»

«አደራ ካልሽስ አጠባበቁን አሳይኝ» አሉ።

ሃዳስ ፎቶግራፉን አነሣች። ድረ ገጹ መጀመሪያ መጠኑ በዛብኝ ብሎ መለሰው፤ አሳንሳ በእርሳቸው ስም እንደገና ጫነችው። ምንይሹ ነጠላቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ፤ ጥግ ላይ ጀሪካን የያዘች አንዲት ልጅ ቆማለች። አባ ታከለ ቴሌፎኑን ተቀብለው፣ «እንግዲህ እኔው ላጥፋት» አሉ። ‹ይጥፋ› የሚለውን ነኩት። ሲጠየቁም እሺ አሉ። ምስሉ ጠፋ።

ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ሃዳስ የጠፉት ፎቶዎች የሚቆዩበትን ቦታ ከፈተችላቸውና «መልስ» የሚለውን በራሳቸው ጣት አስነካቻቸው።

«መጣች» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። የእናታቸውን ስምና የመንደራቸውን ስም አስጻፏት።

ከፋሲካ በኋላ ሄን የምትባል ሴት ለሃዳስ ደወለች። በሕፃንነቷ እናቷ የሞተችባት፣ ሃይፋ አካባቢ የምትኖር ሴት ናት። አክስቷ ድረ ገጹን ስታይ፣ በምንይሹ ፎቶግራፍ ጥግ ጀሪካን ይዛ የቆመችውን ልጅ ለይታ «እናትሽ ኤናት ይች ናት» ብላታለች። ሄን በሳምንቱ በባቡር አፉላ መጣች፤ እኛም ጣቢያው ድረስ ሄደን ተቀበልናት። የእናቷን መልክ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። አባ ታከለ ኤናት እንዴት ሳቂታ እንደ ነበረች፣ ውኃ ስትቀዳ ለእናታቸው እንዴት ታስቀድም እንደ ነበር እየነገሯት መሸ።

ከእንግዲህ ዝናብ ቢመጣም፣ ጣት ቢስትም ምንይሹን የሚወስድ የለም። ለሄን ደግሞ ያልነበራት የእናት መልክ ተገኘላት። አዲስ ነገር የሚጠቅመው እንዲህ ሠሪው ለሰው ስሕተትም ለሰው ክብርም ሲያስብ ነው።

ሄንን ሸኝተን ስንመለስ አባ ታከለ ወደ ቤታቸው አልገቡም። የጎረቤታችንን የእማ አቻምየለሽን በር አንኳኩ።

«እዚያ ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽውን ፎቶ አውጭው» አሏቸው። «እኔ እናቴን የሸሸግሁ እየመሰለኝ የሰው እናት ሸሽጌ ኖሬአለሁ።»